የተቆረጠው ቫልቭ ምን ይናገራል? የልብ በሮች በፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ ያለፉበት ታሪክ

ቀዶ ሐኪም ከሰው ልብ ውስጥ የታመመ ቫልቭ ቆርጦ ባወጣ ቁጥር ለዚያች ቁራጭ ሥጋ ሁለት መንገድ አላት። ወይ ፎርማሊን ባለበት ዕቃ ገብታ፣ የበሽተኛው ስምና የካርድ ቁጥር ተለጥፎባት ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ትላካለች፤ ወይ ደም ከነካው ጎዝ ጋር አብራ ትጣላለች። ለበሽተኛው ልዩነቱ ወዲያው አይታወቅም። አዲሱ ቫልቭ ተሰፍቷል፣ ልቡ እንደገና መምታት ጀምሯል፣ ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። አሮጌውን ማን ያስታውሰዋል? ይሁን እንጂ ስለ ልብ በሽታ ዛሬ ከምናውቀው ውስጥ ቀላል የማይባለውን የነገረን ይኸው የሚጣለው ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ታሪኩን በአጭሩ አቅርቦ፣ ለእኛ አገር ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሁላችሁም ከሕክምናው ወገን ስላልሆናችሁ ከመነሻው ልጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተጠቀሰ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልብ አራት በሮች አሏት፤ ሚትራል፣ ኦርቲክ፣ ትራይከስፒድና ፐልሞናሪ ይባላሉ። ሥራቸው ደም ወደፊት እንዲሄድ መክፈት፣ ወደኋላ እንዳይመለስ መዝጋት ነው። ይህንንም በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ያደርጋሉ። ጤነኛ ቫልቭ ስስ ነው፤ ብርሃን ላይ ሲያዝ ሊያሳልፍ ምንም አይቀረው። በአብዛኛው በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ፣ ሚትራልና ኦርቲክ፣ ናቸው የሚታመሙት። ሲታመሙ ወይ ይጠባሉ ወይ ያፈስሳሉ፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ያደርጋሉ።

በሬሳ ላይ የተጀመረ ዕውቀት

መጀመሪያ ላይ ቫልቭን በዓይን ማየት የሚቻለው ሰውየው ከሞተ በኋላ ብቻ ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፔሊዬ ይሠራ የነበረው ሬይሞን ቪዮሳንስ በ1715 ባሳተመው የልብ መጽሐፉ፣ በሕይወት ሳለ ትንፋሽ ያጥረው የነበረ ሰው ሲከፈት ሚትራል ቫልቩ ጠንክሮና ጠቦ መገኘቱን ጻፈ። በ1761 ጣሊያናዊው ሞርጋኒ የበሽተኛውን ምልክትና ከሞት በኋላ የተገኘውን ጎን ለጎን አድርጎ ትልቁን ሥራውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የሐኪሙ ጥያቄ ተለወጠ። “ምን ያመዋል?” ከሚለው ጎን “የቱ ጋ ነው የተበላሸው?” የሚል ተጨመረ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ “ምን አበላሸው?” የሚለው ነበር። በእንግሊዝ የነበሩ ሐኪሞች የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለባቸው ወጣቶች በኋላ ልባቸውን እንደሚታመሙ ማስተዋል ጀምረው ነበር፤ ዊልያም ቻርልስ ዌልስ በ1812 ስለዚሁ ጻፈ። ነገሩን በማያጠራጥር መንገድ ያጸናው ግን ፓሪስ ላይ ዣን ባቲስት ቡዮ ነው፤ በ1830ዎቹ። ትኩሳት ያለው ከባድ ቁርጥማት ካለ ልቡም ሳይነካ አይቀርም አለ። እኛ አገር እናቶች “ቁርጥማት ያዘው፣ ለቀቀው” ብለው የሚያልፉት ነገር፣ ሲለቅ ሌላ ቦታ ገብቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

1904 ለልብ ፓቶሎጂ ልዩ ዓመት ነው። በጀርመን ማርቡርግ የነበረው ሉድቪግ አሾፍ በቁርጥማት ትኩሳት በሞቱ ሰዎች የልብ ጡንቻ ውስጥ፣ በትናንሽ የደም ሥሮች አጠገብ፣ ከሌላ በሽታ ጋር የማይምታታ የሴሎች ስብስብ አገኘ። እስከ ዛሬ የአሾፍ ኖድዩል ይባላል። በማይክሮስኮፕ ያንን ያየ ፓቶሎጂስት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ የበሽታው ፊርማ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው ጀርመናዊ ዮሃን ጌኦርግ ሞንከበርግ የአንዳንድ ሰዎች ኦርቲክ ቫልቭ ከትኩሳት ጋር ሳይገናኝ፣ ካልሲየም እየተጋገረበት እንደሚጠነክር ገለጸ። እንግዲህ አንድ ዓይነት የሚመስል የጠበበ ቫልቭ ሁለት የተለያየ ታሪክ ሊኖረው እንደሚችል ታወቀ። ይህን መለየት የሚቻለው ደግሞ ሥጋውን በመመርመር ነበር።

የዚህ ሁሉ ዕውቀት ችግሩ አንድ ነው። ሬሳ የሚያሳየው የበሽታውን መጨረሻ ብቻ ነው። በመካከል፣ ሰውየው እየተራመደና እየሠራ ሳለ ልቡ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደነበር የሚነግር ማንም አልነበረም።

ቢላዋ ልብ ውስጥ ሲገባ

በግንቦት 1923 ቦስተን ውስጥ ኤሊየት ከትለር የተባለ ቀዶ ሐኪም በሚትራል መጥበብ አልጋ ላይ የዋለች የ12 ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ቢላዋ አስገብቶ የጠበበውን ቫልቭ ለመክፈት ሞከረ። ልጅቷ ከኦፕሬሽኑ ተርፋ ከአራት ዓመት በላይ ኖረች። ከትለር በኋላ ከቫልቩ ላይ ቁራጭ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ የታከሙት ግን በሙሉ ማለት ይቻላል ሞቱ። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። የጠበበ በር ላይ ቁራጭ ካወጣህለት በሩ መክፈት ብቻ ሳይሆን አለመዘጋት ይጀምራል። በ1925 ለንደን ላይ ሄንሪ ሳውተር በቢላዋ ፈንታ ጣቱን አስገብቶ ቫልቩን ከፈተ። ታካሚዋ ዳነች። ይሁንና ሁለተኛ በሽተኛ የሚልክለት ሐኪም ጠፋ፤ ልብ አይነካም የሚለው እምነት ገና አልተሰበረም ነበር።

የተሰበረው በ1948 ነው። በሰኔ ወር፣ በቀናት ልዩነት፣ ቻርልስ ቤይሊ ፊላዴልፊያ ላይ፣ ድዋይት ሃርከን ቦስተን ላይ ተሳካላቸው፤ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ራስል ብሮክ ተከተለ። ጣት ወይም መሣሪያ የሚገባው በግራው የልብ ክፍል ጫፍ ላይ እንደ ጆሮ ተንጠልጥላ በምትገኘው ከረጢት በኩል ነበር። ያቺን ጫፍ ቀዶ ሐኪሙ ይቆርጣታል። እና የተቆረጠችው ጫፍ ወደ ፓቶሎጂ ተላከች።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው። እነዚያ በሽተኞች ትኩሳት የላቸውም፣ መገጣጠሚያቸው አላበጠም፣ ደማቸው ሲመረመር በሽታው “ያለፈ” ይመስላል። ሐኪሞቻቸውም የድሮ ጠባሳ እንጂ ንቁ በሽታ የለም ብለው ነበር ለኦፕሬሽን የላኳቸው። ፓቶሎጂስቶቹ ግን የተቆረጠችውን ጆሮ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከጥቂት በማይባሉት ውስጥ የአሾፍን ኖድዩል አገኙ። ከውጭ የበረደ የሚመስለው እሳት ውስጥ ውስጡን ይነድድ ነበር። ይህን የሚነግር ሌላ መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ሊጣል የነበረው ቁራጭ ነው የተናገረው።

በዚያው ሰሞን መከላከያውም ተገኝቷል። ርብቃ ላንስፊልድ በ1933 ስትሬፕቶኮከስ የተባሉትን ባክቴሪያዎች በምድብ ለይታ፣ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ኤ የሚባለው ምድብ መሆኑ ታውቆ ነበር። ከዚያ በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የአየር ኃይል ካምፕ፣ ጉሯቸውን ለታመሙ ወታደሮች ፔኒሲሊን ተሰጥቶ ውጤቱ በ1950 ታተመ። ፔኒሲሊን ከወሰዱት ወደ 800 ሰዎች በቁርጥማት ትኩሳት የተያዙት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ወደ 800 ሰዎች 17 ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ አንዴ ተወግቶ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መጣ። ዛሬ “የወር መርፌ” የምንለው እሱው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

ሙሉው ቫልቭ ጠረጴዛ ላይ

እስከ 1960 ድረስ ቫልቭ ይከፈታል እንጂ ተነቅሎ አይወጣም ነበር። በዚያ ዓመት ሃርከን በኦርቲክ፣ በኦሬገን ደግሞ አልበርት ስታር በሚትራል ቦታ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አስገቡ። የስታርን ቫልቭ አብሮት የሠራው ሎዌል ኤድዋርድስ የተባለ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ወደላይና ወደታች የምትል የሲሊኮን ኳስ ናት። ለፓቶሎጂ ግን የዚህ ትርጉም ሌላ ነው። አዲስ ለማስገባት አሮጌው መውጣት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕያው ሰው የወጣ ሙሉ ቫልቭ በየሳምንቱ ወደ ቤተ ሙከራ መምጣት ጀመረ።

ምርመራው ምን ይመስላል? እስቲ በቅደም ተከተል እንየው። የመጀመሪያው መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ሳይሆን ዓይን ነው። ፓቶሎጂስቱ ቫልቩን በቡሽ ወይም በሰም ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ከሁለቱም ገጽ ያየዋል፣ ይለካዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል። ቅጠሎቹ ስንት ናቸው? ኦርቲክ ሦስት ሊኖሩት ሲገባ ሁለት ብቻ ከሆኑ ሰውየው ሲወለድ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። የቅጠሎቹ መገናኛ ጠርዝ ተጣብቋል ወይ? ቁርጥማት ትኩሳት ጠርዝ ያጣብቃል፤ የሚትራል ክፍተት እየጠበበ የዓሣ አፍ ይመስላል። ቅጠሉን የሚይዙት ክሮች ወፍረውና አጥረው ከሆነም የእሱ ምልክት ነው። በተቃራኒው ጠርዙ ነፃ ሆኖ፣ ካልሲየሙ በቅጠሉ ኪስ ውስጥ እንደ ጠጠር ተከምሮ ከተገኘ የእርጅና ነገር ነው። ቅጠሉ ከልክ በላይ ሰፍቶና ለስልሶ እንደ ድንኳን ከተነፋ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ቀዳዳ ወይም በቀላሉ የሚፈረፈር ጉብታ ካለ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል።

ኢንፌክሽን ሲጠረጠር አንድ ነገር ቀድሞ መደረግ አለበት። ፎርማሊን ባክቴሪያን ይገድላል፤ ስለዚህ ቁራጩ ፎርማሊን ሳይነካው ከፊሉ በንጹሕ ዕቃ ወደ ማይክሮባዮሎጂ መሄድ ይኖርበታል። ይህ ውሳኔ የሚወሰነው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ፣ በደቂቃዎች ነው። ካለፈ አለፈ።

ከዚያ ካልሲየም ያለበት በአሲድ ወይም በሌላ ኬሚካል ይለሰልሳል፤ አለዚያ ቢላዋ አይቆርጠውም። ቁራጮቹ ከቅጠሉ ሥር እስከ ጫፉ በቁመት ይቆረጣሉ፣ በፓራፊን ሰም ይታሸጋሉ፣ በማይክሮቶም ከ4 እስከ 5 ማይክሮን ድረስ ይሳሳሉ፣ ይቀለማሉ። የተለመደው ቀለም ሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ነው፤ የተዘረጊ ክሮችን ለማየት፣ ጠባሳን ለመለየት፣ ባክቴሪያንና ፈንገስን ለመፈለግ ደግሞ ለየብቻ ቀለም አለ። ጤነኛ ቫልቭ ሥርዓት ያላቸው ንብርብሮች አሉት፤ የደም ሥር ግን የለውም ማለት ይቻላል። የቁርጥማት ትኩሳት ያለፈበት ቫልቭ ላይ ንብርብሩ ፈርሶ ጠባሳ ይሆናል፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው አዳዲስ የደም ሥሮች ገብተውበት ይገኛሉ። ደም ሥር በሌለበት ቦታ ደም ሥር ማየት፣ ሰው ባልነበረበት ሜዳ የድሮ ጎጆ መሠረት እንደማግኘት ነው፤ እዚህ አንድ ጊዜ ጦርነት ነበር ያሰኛል።

የዚህ ዓይነት ሥራ በብዛት ሲጠራቀም ታሪክን ይለውጣል። በሚኒሶታ ሴንት ፖል ጄሲ ኤድዋርድስ፣ በቤተዝዳ የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩት ዊልያም ሮበርትስ ለአሥርት ዓመታት ልብና ቫልቭ ሰበሰቡ። ቀድሞ ብቻውን የጠበበ ኦርቲክ ቫልቭ ሁሉ “የቁርጥማት ነው” ይባል ነበር። ሮበርትስና ሌሎች ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ግን ብዙዎቹ ሲወለዱ ጀምሮ ባለ ሁለት ቅጠል ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሀብታሞቹ አገሮች የቁርጥማት ቫልቭ እያነሰ፣ የእርጅናው እየበዛ ሲሄድ ለውጡን በቁጥር ካስመሰከሩት አንዱ የፓቶሎጂ መዝገብ ነው። በ1994 የወጣው ዱክ የሚባለው የልብ ውስጥ ኢንፌክሽን መለኪያም በቫልቩ ሥጋ ላይ ተሕዋስ መገኘቱን እንደ እርግጠኛ ማስረጃ ተቀበለ።

ሰው የሠራውም ሲመለስ

ወደ ቤተ ሙከራ የሚመጣው የተፈጥሮ ቫልቭ ብቻ አይደለም፤ የተተካውም ተበላሽቶ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ የሲሊኮን ኳሶች ከሰው ልብ ሲወጡ አንዳንዶቹ ቢጫ ሆነው፣ አብጠውና ተሰንጥቀው ተገኙ። ሲመረመሩ ከደም ውስጥ ስብ መጥጠዋል። በዚህ ምክንያት የሲሊኮኑ አሠራር ተስተካከለ። ከ1979 እስከ 1986 ለገበያ የቀረበው የቢዮርክ ሻይሊ ቫልቭ አንደኛው ዓይነት ወደ 86,000 ለሚሆኑ ሰዎች ከተሰጠ በኋላ በአንዳንዶቹ ውስጥ የብረት መያዣው ተሰብሮ ሕይወት አጠፋ። ስብራቱ ከየት እንደሚጀምር የታወቀው የወጡትን ቫልቮች በመመርመር ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ሦስተኛው ነው። ፓሪስ ላይ አላን ካርፓንቲዬ በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሳማ ቫልቭ በግሉታራልዲሃይድ ተዘፍዝፎ እንዲቆይ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። የዚህ ቫልቭ ጥቅሙ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልክ አለመፈለጉ ነው። ነገር ግን በልጆችና በወጣቶች የተተከሉት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካልሲየም ተጋግሮባቸው ተሰነጣጥቀው ተመለሱ። በሽማግሌ ውስጥ ብዙ የሚቆየው በልጅ ውስጥ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የ20 ዓመት ወጣት ሴት ፊት ሁለት ምርጫ ይቀርባል፤ ቶሎ የሚያልቅ የእንስሳ ቫልቭ፣ ወይም ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚያስወስድ የብረት ቫልቭ። ዋርፋሪን ደግሞ በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ በእርግዝና መጀመሪያም ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። የምትኖረው ከከተማ ርቃ ከሆነ ይኼ ምርጫ ነው ወይስ ፍርድ?

ሳኦ ፓውሎ፦ የሚጣለውን ያልጣሉ

አንድ ትልቅ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ቀርቶ ነበር። ባክቴሪያው ያለው ጉሮሮ ላይ ነው፤ ልብ ውስጥ አልገባም። ታዲያ ልብን ማን ጎዳው? በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሜልቪን ካፕላን ስትሬፕቶኮከስን የሚቃወሙ የደም መከላከያዎች የልብን ሥጋም እንደሚነኩ አሳየ። ሰውነት ጠላቱን ሲያሳድድ የራሱን ሰው በመልክ ተሳስቶ ይመታል የሚለው ሐሳብ ጠነከረ።

ከሥጋው ውስጥ ማስረጃ ያመጡት ግን ብራዚላውያን ናቸው። ሉዊዛ ጊየርሚ፣ ዦርዤ ካሊልና ባልደረቦቻቸው በሳኦ ፓውሎ ከቁርጥማት በሽተኞች በኦፕሬሽን የወጣውን የልብ ሥጋና የቫልቭ ቁራጭ ወስደው፣ ውስጡ ሠፍረው የተገኙትን ቲ ሴሎች አራብተው፣ በ1995 ውጤታቸውን አሳተሙ። ሴሎቹ የባክቴሪያውን ፕሮቲንም የልብን ፕሮቲንም ለይተው ያውቁ ነበር። ይህንን ሥራ ለመሥራት ቁራጩ በሕይወት መድረስ ነበረበት፤ ቀዶ ሐኪሙ፣ ነርሷና ተመራማሪው ተስማምተው ካልሠሩ አይሆንም።

ይህ ሥራ የተሠራው ቦስተን ወይም ለንደን አልነበረም። በ1990ዎቹ እዚያ የሚጠና በቂ በሽተኛ አልነበረም። የተሠራው በሽታው ገና በነበረበት አገር፣ በአገሩ ሰዎች ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ የሚሆን ትልቁ ትምህርት ይኼ ይመስለኛል።

እኛ ጋ

በኢትዮጵያ ቁርጥማት ያስከተለው የልብ ሕመም የሽማግሌ በሽታ አይደለም። የተማሪ፣ የወላድ፣ የእረኛ በሽታ ነው። ኢትዮጵያም የተሳተፈችበትና በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 በሽተኞችን የመዘገበው ሬሜዲ የተባለው ጥናት መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት መሆኑን፣ ከሦስቱ ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። አንድ ሰው በ28 ዓመቱ ምን እንደሚያደርግ የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ ያስታውሳል። ገና ከግቢ መውጣታችን፣ ሥራ መያዛችን፣ ትዳር መጀመራችን ነበር።

ለረጅም ጊዜ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች ዕድሉን ያገኙት ወደ ውጭ ሲላኩ ነው፤ ወደ እስራኤል፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ አውሮፓ። በ1981 ዓ.ም. ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን መሠረቱ፤ ከሃያ ዓመት ልፋት በኋላ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። የጎብኚ ቡድኖች ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው እየሠሩ፣ ቀስ በቀስ የአገር ልጆች ቢላዋውን በእጃቸው ያዙ። ወረፋው አሁንም ረጅም ነው፤ ተራቸው ሳይደርስ የሚያልፉ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ እምብዛም የማይነሳ ነገር አለ። ልጁ ሆሎን ላይ ወይም ሕንድ ውስጥ ሲታከም ልጁ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ከልቡ የወጣው ቁራጭ ግን አብሮት አይመለስም። መረጃው የሚቀመጠው፣ ከተቀመጠ፣ በሌላ አገር መዝገብ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ የልብ ቫልቭ ታሪክ አንዱ ክፍል በየአገሩ ተበታትኗል። ያለፈው አልፏል፤ አሁን ግን ኦፕሬሽኑ በአገራችን እየተሠራ ነው፤ ቁራጩም እዚሁ ነው የሚወጣው።

ሁሉንም መመርመር ያስፈልጋል ወይ?

ይህ በየአገሩ የሚነሳ ክርክር ነው፤ ተቃራኒው ወገንም ባዶ እጁን አይደለም። ፓቶሎጂስት ጥቂት ነው። የካንሰር ናሙና ወረፋ ይዞ እየጠበቀ፣ ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ያየውን “የቁርጥማት ቫልቭ” እንደገና ቁርጥማት ነው ለማለት ስላይድና ኬሚካል ማባከን ምን ዋጋ አለው? የበሽተኛውን ሕክምና አይለውጥም ይላሉ። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው።

የእኔ መልስ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚለውጥበት ጊዜ አለ፤ ያም ጊዜ አስቀድሞ አይታወቅም። ጉሮሮውን ያመመውም ትኩሳት የያዘውም መጀመሪያ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ በሚውጥበት አገር፣ ሆስፒታል ሲደርስ የደም ምርመራው ባክቴሪያ ላያሳይ ይችላል። የቫልቩ ቁራጭ ግን በልዩ ቀለም ወይም የተሕዋሱን ጂን በሚያነብ ምርመራ ሊናገር ይችላል፤ ያኔ ከኦፕሬሽን በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት ዓይነትና ርዝመት ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ስላይድ ማድረግ ግዴታ አይደለም። በዓይን ማየት፣ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ በሁለት መስመር መጻፍና አንድ ቁራጭ በፓራፊን ብሎክ ማስቀመጥ ብዙ አይጠይቅም። ብሎክ በወጉ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ገና ያልተፈጠረ ምርመራ አንድ ቀን ሊደረግበት ይችላል። በ1950ዎቹ ያቺን የልብ ጆሮ ያስቀመጡት ሰዎች ምን እንደሚገኝባት አስቀድመው አያውቁም ነበር።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። በ1984 ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ የጠበበ ሚትራልን በደም ሥር በሚገባ ፊኛ የሚከፍት ዘዴ አስተዋወቀ፤ ደረት ሳይከፈት፣ ምንም ሳይቆረጥ። በ2002 ፈረንሳይ ሩዋን ላይ አላን ክሪቢዬ አዲስ ኦርቲክ ቫልቭ በቱቦ አስገባ፤ አሮጌው እዚያው ተጨፍልቆ ቀረ። ቀዶ ሐኪሞችም በተለይ በልጆች ላይ ከመተካት መጠገንን ይመርጣሉ። ይህ ሁሉ ለበሽተኛው መልካም ነው፤ ማንም ለፓቶሎጂ ሲባል ደረት ይከፈት አይልም። ግን ወደ ቤተ ሙከራ የሚመጣው ቫልቭ በዓለም ደረጃ እያነሰ ይሄዳል ማለት ነው። በሽታው ገና ባለበት አገር፣ ቫልቩ ገና እየወጣ ሳለ ካልተመዘገበ ሌላ ጊዜ አይመጣም።

በ2015 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በቁርጥማት የሚመጣው የልብ ሕመም ከአህጉሩ እንዲጠፋ የተዘጋጀውን የውሳኔ ሐሳብ ተቀበሉ፤ ሰነዱ የሚጠራው በአዲስ አበባ ስም ነው። በ2018 የዓለም የጤና ጉባኤም ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ። የሰነዶቹ ልብ ግልጽ ነው፤ የልጅን የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ማከም፣ ፔኒሲሊን እንዳይጠፋ ማድረግ፣ የታመመውን መዝግቦ መከታተል። ጉሮሮ ሲያመው እንጥሉን ለሚያስቆርጥ ወላጅ፣ የሚያስፈልገው ምላጭ ሳይሆን መርፌ መሆኑን ማስረዳት ከየትኛውም የቀዶ ሕክምና ክፍል የበለጠ ልብ ያድናል።

እንግዲህ ከእኛ ከቀድሞ ተማሪዎች የሚጠበቀው ምንድን ነው? በአገር ውስጥ ያላችሁ ቀዶ ሐኪሞች ቁራጩን ላኩት፤ ኢንፌክሽን ከጠረጠራችሁ ፎርማሊን ሳይነካው ከፊሉን ለዩት። ፓቶሎጂስቶች፣ አንድ ወጥ ቅጽ ይኑረን፤ ስንት ቅጠል፣ ጠርዙ ተጣብቋል ወይ፣ ክሩ እንዴት ነው፣ ካልሲየሙ የት ነው። በውጭ አገር በየቤተ ሙከራው ያላችሁ፣ ከአንድ ጊዜ የዕቃ ስጦታ ይልቅ አስቸጋሪ ስላይድ አብሮ የሚያይ ቋሚ ዓይን ይበልጥ ይጠቅማል። ከሕክምና ውጭ የሆናችሁ ደግሞ፣ የኮምፒውተርም ሆነ የቤተ መዛግብት ሰዎች፣ መዝገብ አጠባበቅ የእናንተ ሙያ ነው።

አንድ ቀን በዚህ አገር የሚወጣው ቫልቭ ሁሉ የሽማግሌ ሆኖ፣ የ28 ዓመት ወጣት ስም የተጻፈበት ዕቃ ወደ ፓቶሎጂ መምጣቱን ያቆማል። ያ ቀን መምጣቱን የምናውቀውም የወጣውን ሁሉ ስንመዘግብ ከቆየን ብቻ ነው።